የዳሞታን አስጎብኚ በምን ይለዩታል?

ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ወላይታ ሶዶን በአብዛኛው የሚያውቃት በምሳ ሰዓት ነው። ቁርጡን በዳታ በርበሬ እያጣቀሰ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ከከተማዋ ራስጌ የቆመውን ዳሞታን ቀና ብሎ ካየውም ዝናብ መምጣት አለመምጣቱን ለማወቅ ነው። ተራራው ግን ወደ 2,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰው ያረፈበት ሞቼና ቦራጎ የተባለ ዋሻ ይገኛል። በወላይታ ምድር የነገሥታቱ ዘመን የድንጋይ ካብና ቦይ አለ። የመጨረሻው ካዎ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ጦና፣ ከምኒልክ ጦር ጋር የተዋጋውም እዚሁ አገር ነው። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና እንግዳዋ በርክቷል። ለስብሰባ የሚያድረው ግን ብዙ ነው፣ ለተራራው ብሎ የሚያድረው ጥቂት።

ለተራራው ብለው ለሚያድሩት ጥቂቶች ነው የምጽፈው። ላሊበላ ወይም ጎንደር ፋሲል ግቢ የገባ ጎብኚ አስጎብኚው ሰነፍ ቢሆንበት እንኳ ብዙ አይጎዳም፤ ሕንጻው ራሱ ይናገርለታል። ፔሩ ሄዶ ማቹ ፒቹን የሚያይ ሰው ደግሞ ትኬቱን በሰዓት ቆርጦ፣ በተሰመረለት መስመር ሄዶ፣ በተሰመረለት መስመር ይወጣል፤ አስጎብኚው ቢሳሳት መንገዱ ያርመዋል። ዳሞታ ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ዋሻው ለማያውቀው ሰው ከብት ከዝናብ የሚሸሽበት ጥግ ነው። ካቡ ለማያውቀው ሰው የማሳ ድንበር ነው። ነገሥታቱ የከተሙበት አገር ዛሬ የገበሬ ጓሮ ሆኗል፤ ባለቤቱም እንሰቱን እንጂ ታሪኩን ሊያስጎበኝ የቆመ ሰው አይደለም። ስለዚህ እዚህ የጉዞው ግማሽ ተራራው ነው፣ ግማሹ አስጎብኚው። መኪና ሲከራዩ ጎማውን እንደሚያዩት ሁሉ የግል አስጎብኚ ሲይዙም የሚታይ ነገር አለ።

የመጀመሪያው የሚታየው ገና በስልክ ነው። ጎበዝ አስጎብኚ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ይጠይቃል። ስንት ናችሁ? ጉልበቱን የሚያመው ሰው አለ? ከደጋ ነው የምትመጡት ከቆላ? ልጅ ትይዛላችሁ? ዋናው ፍላጎታችሁ ዋሻው ነው፣ ካቡ ነው ወይስ ከተራራው ላይ ሆኖ አገር ማየት? ሰነፉ ግን ምንም ሳይጠይቅ "ችግር የለም፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አሳይዎታለሁ" ይላል። ካርታውን አንድ ጊዜ እንይ። ሞቼና ቦራጎና ዳሞታ ከሶዶ አፍንጫ ሥር ናቸው። አጆራ ፏፏቴ በአረካ በኩል ወጥቶ ቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ድረስ ይወስዳል። ንጉሥ ሃላላ አሠራው የሚባለው ታላቁ ካብ ደግሞ ጭራሽ ከኦሞ ማዶ፣ ዳውሮ ነው። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቀን ያጨቀ ሰው የሸጠልዎ ጉብኝት ሳይሆን የመኪና ወንበር ነው።

በስልክ ሁለተኛው ፈተና ወቅት ነው። ወላይታ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የበልግ ዝናብ ያገኛል፣ ከዚያ ክረምቱ ይከተላል። የአካባቢው አፈር ቀይ ሸክላ ነው፤ ሲረጥብ ጫማ ላይ ተለጥፎ እግርን ያከብዳል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰውን ይዞ ይወርዳል። በሐምሌ ደውለው "ነገ ይምጡ" ያለዎትን አስጎብኚ ይጠርጥሩ። "አሁን ቢመጡ ጉም ነው የሚያዩት፤ ጥቅምት ላይ ይደውሉልኝ" ያለዎት ግን የራሱን ገቢ ትቶ የእርስዎን እግርና ዓይን አስቧል፤ ስልኩን መዝግበው ያስቀምጡት። በመስከረም አጋማሽ የሚመጣ ሰው ካለ ስለ ጊፋታ ሊነግረው ይገባል። የወላይታ ዘመን መለወጫ ነውና ከተማው ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል፤ ገበሬውም በበዓሉ ቀን ዱንጉዛውን ለብሶ ከቤተሰቡ ጋር እንጂ ከእንግዳ ጋር ተራራ ለተራራ አይዞርም። በዓሉን ለማየት ከሆነ የመጡት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ዳሞታን ይተዉትና ከሕዝቡ ጋር ይዋሉ።

ስለ መንገድም ይጠይቁት። በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል የሚመጣ ሰው ጥያን መንገዱ ላይ ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች ያሉበትን ማለቴ ነው። ጥያ የምትገኝበት የጉራጌ ወረዳም ሶዶ ስለሚባል ሁለቱን ሶዶዎች ያምታታ ጎብኚ ገጥሞኝ ያውቃል። ጥሩ አስጎብኚ ይህን አጋጣሚ አያሳልፈውም፤ "ሲመጡ ጥያ ወርደው አንድ ሰዓት ይቆዩ፣ ድንጋይ ማየት እዚያ ይለማመዱ" ይላል።

የድጋፍ ደብዳቤ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሥራውን የሚያውቀውን ከማያውቀው የሚለየው ግን እሱ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ወይም ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ቀድሞ ያወጣል፣ የቀበሌውን ሰው ቀድሞ ያነጋግራል። የማያውቀው እርስዎን ተራራው ወገብ ላይ አቁሞ ስልክ መደወል ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስለ ጥንት ቦታ የሚነገር ነገር ሁሉ ከሦስት አንዱ ነው፦ በዓይን የሚታይ፣ ከአባቶች የተነገረ ወይም ተቆፍሮ የተገኘ። ሦስቱም የየራሳቸው ክብር አላቸው። የአስጎብኚ ሙያው ሦስቱን ሳይደባልቅ ማቅረብ ነው፤ እኔ ከዚህ የሚበልጥ መለኪያ አላገኘሁም። ድምፁ ማማሩ፣ እንግሊዝኛው መቅናቱ፣ ቀልዱ ማሳቁ፣ ፎቶ ማንሳት ማወቁ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሞቼና ቦራጎ ላይ ይህ ወዲያው ይታያል። ዋሻው ሰፊ አፍ ያለው፣ ወደ ውስጥ ብዙም የማይዘልቅ የአለት ጥላ ነው፤ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሠርተውበታል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ደግሞ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት የሚመራ ቡድን ከጀርመን ኮሎኝ ባለሙያዎች ጋር ቆፍሮበታል። የቡድኑ ጥያቄ ልብ የሚሰቅል ነበር፦ ዓለም በበረዶ ዘመን ሲቀዘቅዝና አፍሪካ ስትደርቅ እነዚህ ዝናብ የማይለያቸው የደቡብ ምዕራብ ደጋዎች ለሰው መጠለያ ሆነው ይሆን? ከመሬቱ የወጣው የባልጩት መሣሪያና የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ነው፤ ታችኛው ንብርብር ወደ 50,000 ዓመት ይደርሳል።

ሰነፍ አስጎብኚ እዚህ ደርሶ "ይህ የሰው ዘር የተገኘበት ዋሻ ነው" ይላል። አይደለም። የሰው ልጅ ዕድሜ ከሞቼና ቦራጎ ንብርብር በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በኦሞ ሸለቆ ታችኛው ክፍል፣ ኪቢሽ ላይ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት ብቻ እንኳ ከዚህ ዋሻ እጅግ ያረጀ ነው። ሌላው ደግሞ "ሰው እዚህ ለ50,000 ዓመት ሳያቋርጥ ኖሯል" ብሎ ያሞቀዋል። ይህም አይደለም፤ ሰው እየመጣና እየሄደ ነው የተጠለለበት። የሚገርመው፣ እውነቱ ከሁለቱም ፈጠራ ይልቅ ይጥማል። አዳኝ ሰዎች ተሰድደው የሚመጡበት፣ ሲደላቸው የሚተዉት፣ ሲከፋ የሚመለሱበት ቦታ ነው ሲባል ማንም የእኛ አገር ሰው ነገሩ ይገባዋል።

አንድ ወጣት አስጎብኚ ይህን ሲያስረዳ ያየሁት አይረሳኝም። ወደ ውስጥ አላስገባንም፤ በመጀመሪያ ከጣሪያው ጠርዝ ውጭ አቁሞን ፊታችንን ወደ ቆላው አዞረን። "አዳኝ ብትሆኑ እዚህ ለምን ትቀመጡ ነበር?" አለ። አንዱ ውኃ አለ፣ አንዱ ነፋስ አይገባም አለ፣ አንዷ ከዚህ ሆኖ የሚመጣው ሁሉ ይታያል አለች። "ሦስታችሁም ልክ ናችሁ፤ ይህን ለማወቅ መቆፈር አላስፈለጋችሁም" አለና ጎንበስ ብሎ በያዘው ዘንግ አፈሩ ላይ መስመር ማስመር ጀመረ። የላይኛው መስመር የዛሬ ከብት ያረፈበት። ከሱ ሥር የቅርብ ዘመን ሰው ያነደደው እሳት። ከዚያ አንድ ሰፊ ቦታ ባዶውን ተወ። ከባዶው በታች አመድ፣ ከአመዱ በታች ባልጩት፣ ከባልጩቱ በታች ደግሞ ሌላ አመድ። ባዶውን ቦታ በዘንጉ እየነካ "እዚህ ጋ ማን እንደነበረ እኔ አልነግራችሁም" አለ። ከቡድናችን አንዱ ያፈጠጠው እዚያ ባዶው ላይ ነበር።

ከዚያ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጥቁር ስባሪ ያየ ሰው ሊያነሳ ሲል "እሱን እዚያው ይተዉልኝ፣ ጌታዬ" ብሎ በትሕትና አስቆመው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ከቦታው ማንሳት የተከለከለ መሆኑን መናገሩ አንድ ነገር ነው፤ ይበልጥ የወደድኩት ምክንያቱን መናገሩ ነበር። ድንጋዩ ከወደቀበት ቦታ ከተነሳ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ብቻ ይሆናል፤ የትኛው አመድ ላይ እንደነበረ ከጠፋ ዕድሜው ጠፋ። በተቃራኒው ከኪሱ ባልጩት አውጥቶ "ለማስታወሻ" የሚሰጥ አስጎብኚ ከገጠመዎ፣ ስጦታውን አይቀበሉ፣ ሒሳቡን ከፍለው ያሰናብቱት። ዋሻውን በትንሽ በትንሹ እየሸጠው ነው።

የተነገረውን አያያዝ ለመፈተን ሞቶሎሚን ያንሱለት። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ሞቶሎሚ የዳሞት ንጉሥ ነው፤ የጻድቁን እናት የማረከ፣ በኋላም በጻድቁ ስብከት ያመነ። በወላይታ ትውፊት ደግሞ ከአገሩ ነገሥታት አንዱ ነው፤ ዳሞታም ከዚያ ስም ጋር ይያያዛል። ጎጃም ውስጥም ዳሞት አለ። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው የጥንቱን የዳሞት መንግሥት በሰፊው አንሥተዋል፤ የግዛቱ ወሰን የት ድረስ እንደነበረ ግን ዛሬም የታሪክ ሰዎች ያከራክራል። አስጎብኚዎ "ገድሉ እንዲህ ይላል፣ አባቶቻችን እንዲህ ይላሉ፣ የታሪክ ሰዎች እዚህ ላይ ይከራከራሉ" ካለ እጁን ይጨብጡት። ወላይታ ውስጥ ወንጌላዊው ብዙ ነው፣ ኦርቶዶክሱም አለ፣ የአባቶችን ወግ የሚያከብረው ደግሞ በሁለቱም ውስጥ አለ። የአስጎብኚው እምነት የሞቶሎሚን ታሪክ ወደ አንድ ወገን ሊያዘነብለው ይችላል። ማመኑ መብቱ ነው፤ የሌላውን ወገን ትረካ ሳያንቋሽሽ በሙሉ መንገር ግን ሥራው ነው።

ካቡ ጋ ስንደርስ ፈተናው ይለወጣል፤ እዚህ የሚፈለገው ዓይን ነው። በወላይታና በዳውሮ ነገሥታት ድንበራቸውን በድንጋይ ካብና በቦይ ያስጠብቁ ነበር፤ ኬላ ይሉታል። በወላይታ ከጦና በፊት ከነገሡት አንዱ በሆነው በካዎ አማዶ ስም የሚጠራ ኬላ አለ። ከኦሞ ማዶ ያለው የንጉሥ ሃላላ ካብ ግን የዳውሮ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ሃላላም የዳውሮ ንጉሥ ነው። "ገበታ ለሀገር" ውስጥ የተሠራው ሪዞርት ስሙን ስላስተዋወቀው አንዳንዱ አስጎብኚ ወላይታ ላይ ያየውን ድንጋይ ሁሉ ሃላላ ማለት ጀምሯል። ይህን የሚያደባልቅ ሰው ሁለቱንም አገር ነው የሚበድለው።

ከዚህ የባሰም አለ። ወላይታ በሕዝብ ጥግግት ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ግንባር ቀደም ከሚባሉት ነው፤ መሬቱ ስለሚታጠብ በየዘመቻው፣ በሴፍቲኔት ሥራው ብዙ የድንጋይ እርከን ተሠርቷል። ይህን እርከን "የንጉሡ ካብ" ብሎ የሚያስጎበኝ ሰው አለ። እንዳይሸወዱ የምነግርዎት ነገር ቀላል ነው። እርከን የተሠራው አፈርና ውኃ ለመያዝ ስለሆነ የተራራውን ጎን ይዞ በአንድ ከፍታ ይሄዳል። ኬላ የተሠራው ሰውና ፈረስ ለማገድ ነው፤ ስለዚህ ገደሉንም ሸንተረሩንም እያቋረጠ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል። እርከን ቀጭን ነው፣ ከጉልበት ብዙ አይዘልም። የኬላ ታች ድንጋይ ግን አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ነው፤ ጎኑም ቦይ አለው። ቦዩ የሚገኝበት ጎን ጠላት ይመጣበታል ተብሎ የተፈራው ጎን ነው።

አዋቂ አስጎብኚ ይህን አይነግርዎትም፤ ያስገኝዎታል። ካቡ ላይ አቁሞ "ጠላት በየት በኩል ይመጣ የነበረ ይመስልዎታል?" ይልና ዝም ይላል። እርስዎ ግራና ቀኝ አይተው፣ ቦዩን አይተው፣ በጣትዎ ሲያመለክቱ ፈገግ ይላል። ከዚያ አሁን ሰው የሚመላለስበትን የእግር መንገድ ያሳይዎታል፤ የድሮ በር አንዳንዴ ዛሬም ገበያተኛ የሚያልፍበት መሹለኪያ ሆኖ ይገኛልና። ድንጋዩ ያለ ጭቃ እንዴት እንደሚያያዝ ሲያስረዳ ደግሞ ኮንሶን ካነሳ ሰውዬው አገር ያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገቡት የኮንሶ መንደሮችና እርከኖች ዛሬም ባለቤቶቻቸው ይጠግኗቸዋል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ሕያው ሆኖ የሚታየው እዚያ ነው። ከሶዶ በአርባ ምንጭ በኩል ነው መንገዱ፤ ሁለት ቀን ያለው ሰው ቢጨምርበት አይቆጭም።

የ1887ቱን ጦርነት አነጋገር በተለየ ጥንቃቄ ያዳምጡ። በዚያ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1894 ማብቂያ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዘምተው ወላይታን ያዙ፤ ካዎ ጦና ቆስሎ ተማረከ። ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ከዘመቻው ጋር አብሮ ሄዶ ነበርና ያየውን እልቂትና የተነዳውን ምርኮኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳትሞታል። የዚህ ነገር ቁስል በወላይታ ሽማግሌ ዘንድ ገና ትኩስ ነው፤ ከሸዋ ወይም ከሌላ አገር የሚመጣ ጎብኚም የራሱን ቤት ትረካ ይዞ ነው የሚመጣው። ደካማ አስጎብኚ የእንግዳውን ፊት እያየ ያወራል፤ ለአንዱ "አገር የማቅናት ዘመቻ" ይላል፣ ለሌላው ሌላ። ጠንካራው ለሁሉም አንድ ዓይነት ይናገራል፦ ጦና እምቢ ያለው ለምን እንደነበረ፣ ምኒልክ የፈለጉት ምን እንደነበረ፣ ስንት ቤት እንደተቃጠለ ከሽማግሌ የሰማውን፣ ፈረንሳዊው የጻፈውን። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ለእንግዳው ብሎም አያለሳልሰውም። እኔ በበኩሌ ይህን ታሪክ እንዴት እንደሚናገር ሰምቼ ነው ሰውዬውን ለሌላ ወዳጄ የምጠቁመው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጎብኚ ልብ የማይለውን ላንሳ፤ እሱም ማስተርጎም ነው። ተራራው ላይ ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት በወላይትኛ ነው። አንድ አባት ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ ጎሳ ቆጥረው፣ አገር ጠቅሰው፣ በእጃቸው ወዲያና ወዲህ እያመለከቱ ረጅም ነገር ይናገራሉ። አስጎብኚው ዘወር ብሎ "በጣም ጥንታዊ ነው ይላሉ" ይልዎታል። እዚህ ላይ አይለፉት። "አባባ ብዙ ነበር የተናገሩት፤ እስኪ እንደገና ጠይቅልኝ፣ በእጃቸው ያመለከቱት ወዴት ነው?" ይበሉት። ጎበዝ ከሆነ ያፍርና ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ቃል በቃል ያመጣልዎታል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ሳይጠየቅ "አባባ፣ ትንሽ ይቆዩኝ" ብሎ አቁሟቸው በየመሃሉ የሚተረጉመው ነው፤ ያልገባውን ደግሞ "ይህችን ቃል እኔም አላውቃትም፣ የድሮ ናት" የሚለው። ከእንግዳ ፊት አላውቅም ማለት የሚከብደው ሰው አስጎብኚ ባይሆን ይሻላል።

ከሰው ጋር ያለው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ወደ ዳሞታ የሚወስደው መንገድ በሰው ደጅ፣ በእንሰት ጓሮ መሃል ነው የሚያልፈው። ጥሩ አስጎብኚ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ "ሳሮ" ብሎ ድምፁን ያሰማል፣ መልስ ሳያገኝ እግሩን አያነሳም። እናት እንሰት ሲፍቁ ካገኘ ካሜራ አውጡ አይልም፤ በመጀመሪያ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይነግርዎታል። ልጆች ተከትለው "ብር! ብር!" ሲሉ አይቆጣም፣ እርስዎንም "ይስጧቸው" አይልዎትም፤ በስማቸው ጠርቶ ወደ ጨዋታቸው ይመልሳቸዋል። በስማቸው መጥራቱን ልብ ይበሉ። የልጆቹን ስም የሚያውቅ ሰው በዚህ መንገድ ደጋግሞ የተመላለሰ ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡት አስጎብኚ ከሆነ ፈቃድ ያለው፣ አገር የሚያውቅ፣ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዳሞታ ላይ ግን ያለ አካባቢው ልጅ መውጣት የለበትም። ጥሩው ይህን ራሱ ያቀርባል፤ ክፍያውንም ከራሱ ለይቶ ቀድሞ ይነግርዎታል። ስለ ገንዘብ ብዙ አልናገርም። የቀን አበሉ፣ የመኪናው፣ የአካባቢው መሪ፣ የጥበቃው፣ ምሳው በየራሱ ተቆጥሮ ከመነሳት በፊት ይለቅ። ተራራው ላይ አዲስ ክፍያ ከተወለደ የአስጎብኚው ጥፋት ነው። ለሽማግሌው የሚሰጥ ነገር ካለ በአደባባይ ከጎብኚ እጅ ሳይሆን በሥርዓቱ፣ በአስጎብኚው በኩል ይሰጥ፤ ሽማግሌው የወደዱትን ታሪክ እንጂ ገንዘብ ያመጣውን ታሪክ እንዳይናገሩ ያደርጋልና።

እርምጃውንም ይመልከቱ። ጥሩ አስጎብኚ በቡድኑ ውስጥ ደካማው የሚሄደውን ያህል ይሄዳል፤ እሱ ፊት ፊት ሮጦ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የደከመው ሰው ሲደርስ ያረፉት ይነሳሉ፣ ደካማው ሳያርፍ ይቀጥላል። ሽቅብ ሲወጣ አያወራም፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ታሪክ አይሰማም። ቆሞ ነው የሚያወራው፣ በጥላ ሥር፣ ፀሐይን ለራሱ ፊት ሰጥቶ። ከሰዓት በኋላ ዳመና መቋጠር ሲጀምር ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀረውም "እንውረድ" ለማለት አይፈራም። ለጫፍ ብሎ ቡድኑን በዝናብ ያወረደ አስጎብኚ አይቻለሁ፤ በማግስቱ ሁሉም ያወራው ስለ ጭቃ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሲመለሱ፣ ሶዶ ገብተው እግርዎን ታጥበው ሲቀመጡ፣ "ዛሬ ካሳየኸኝ ውስጥ በጣም የምትጠራጠረው የቱን ነው?" ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው፣ ማለትም "ያንን ካብ እኔም አላመንኩበትም" ወይም "ያ ሽማግሌ የነገሩን ከሌላኛው ሽማግሌ ጋር አይገጥምም" ካለዎት፣ ከተስማሙት በላይ ጨምረው ይክፈሉት፣ ስሙንም ለወዳጅዎ ያስተላልፉ። "ሁሉም እውነት ነው" ካለዎት የተስማሙትን ከፍለው ያመስግኑት፤ በሚቀጥለው ሌላ ሰው ይፈልጉ። ጉዞውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያድርጉት፣ ጥርስ ያለው ጫማ ያድርጉ፣ ለዳሞታና ለሞቼና ቦራጎ አንድ ሙሉ ቀን፣ ለኬላው ሌላ ሙሉ ቀን ይመድቡ፤ ሦስተኛውን ቀን ለአጆራ ይተዉት።